ቁልቢ፣ ሐረርና ድሬዳዋ በአንድ ጉዞ፦ ከእናትና ከልጆች ጋር እንዴት ይሻላል?

ጠያቂ፦ መንገደኛ ከቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሆን፣ በመጪው ታኅሣሥ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር አገር ቤት ለመግባት ትኬት ቆርጠናል። የጉዞው መነሻ የእናቴ ስለት ነው። እኔ በጠና ታምሜ በተኛሁበት ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበርና «ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ አድርሱኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ልጆቹ አሥራዎቹን ዕድሜ ያጋመሱ ናቸው፤ ስለ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚያውቁትም ሐረር ላይ ሰው ጅብ እንደሚያበላ ብቻ ነው።

ለጉዞው ያለን አንድ ሳምንት ነው። ያሰብነው ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ተከራይተን ማልደን በመነሣት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ማደር፣ በማግሥቱ የአሰቦትን ገዳም ተሳልመን ወደ ቁልቢ መውጣት፣ ከንግሡ በኋላ ለድሬዳዋ ግማሽ ቀን፣ ለሐረር አንድ ቀን ሰጥተን፣ በባቢሌ በኩል እስከ ጅግጅጋ ደርሰን መመለስ ነው። ዕቅዱ ይሆናል ትላላችሁ? ባቡሩ ከመኪናው ይሻላል ወይ? ጉልበቷን የሚያማት አረጋዊት በንግሥ ዕለት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መድረስ ትችላለች? ክርስቲያን ቤተሰብ በጀጎል (በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ያሉትን መስጊዶችና የአውሊያ መካነ መቃብሮች መጎብኘት ይፈቀድለታል? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

መልስ 1፦ የከዚራ ልጅ

እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት። የዘረዘሯቸው ቦታዎች ሁሉ መታየት የሚገባቸው ናቸው፤ ነገር ግን በዚህ ዕቅድ ከሄዱ እናትዎና ልጆችዎ ሳምንቱን የሚያሳልፉት በመኪና መስኮት ሲመለከቱ ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከአዋሽና ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ስለሚወጣ ጠመዝማዛው ብዙ ነው። የእኔ ምክር ጅግጅጋን ከዕቅዱ እንዲያወጡ፣ ወደ ድሬዳዋ በአውሮፕላን መጥተው ሲመለሱ ብቻ በመኪና እንዲጓዙ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ እናትዎ ሳይደክሙ ይደርሳሉ።

ባቡሩም መጥፎ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በአዳማና በአዋሽ በኩል ድሬዳዋ ይገባል። ጣቢያዎቹ በሁለቱም በኩል ከመሀል ከተማ የራቁ ስለሆኑ የታክሲውን ጊዜ መቁጠር ያስፈልጋል፤ መንገደኛ የሚጭንበትንም ቀን ቀደም ብሎ ማረጋገጥ ይገባል። መስመሩ ቆላ ቆላውን ስለሚሄድ ደግሞ የጨርጨርን ደጋ አያሳይም። እኔ ብሆን ያንን ደጋ ሳላይ አልመለስም፤ ከአሰበ ተፈሪ እስከ ጨለንቆ ድረስ ጫትና ማሽላ የተዘራባቸው እርከኖች ከተራራው ጫፍ እስከ ሸለቆው ይወርዳሉ።

ለድሬዳዋ የሰጧት ግማሽ ቀን ግን ቅር አሰኝቶኛል። በእርግጥ አገሬ ስለሆነች አዳልቼ ይሆናል። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥሩ ባለው ሜዳ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ሰፈሩ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። በከዚራ ሰፈር በኩል ቀጥ ያሉትን ጎዳናዎችና ዛፎቹን፣ የድሮውን ምድር ባቡር ጣቢያና የጥገና ጋራዡን ያያሉ፤ ጋራዡን ለማየት ፈቃድ ይጠየቃል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረው ወደ መጋላ ሰፈር ሲገቡ ሌላ ከተማ የገቡ ይመስልዎታል፤ ቀፊራ ገበያም እዚያው ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሲሞላ ግን አይቻልም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው ጨርሷል። ልጆችዎ የጥንት ነገር የሚወዱ ከሆነ ከከተማው በስተምዕራብ በለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች አሉ፤ ከብቶቹና ሰዎቹ በቀይና በነጭ ቀለም የተሣሉ ናቸው፤ መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ግን ያለ አስጎብኚና ያለ ጠንካራ መኪና አይሞከርም።

ስለ ስለቱ የሚሰማኝን ልንገርዎት። ስለት በማንኛውም ቀን ይገባል። እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ንግሡ ካለፈ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ቢሄዱ መኪናው እስከ ደጁ ያደርሳቸዋል፤ በጸጥታም ይጸልያሉ።

መልስ 2፦ የጀጎል አስጎብኚ

ለሐረር አንድ ቀን መመደብ ብዙ ጎብኚዎች የሚያደርጉት ነው፤ በዚያ ቀንም ጅቡን አይተው፣ አንድ ሙዚየም ገብተው ይሄዳሉ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እንዲያድሩ እለምንዎታለሁ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባው የጀጎል ግንብ ያቀፈው ቦታ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ግን 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካናት ይገኛሉ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስለዚህ ነው። ነባሮቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረሪዎች በየራሳቸው ስም ይጠሯቸዋል፤ እናንተም ከአንዱ ገብታችሁ በሌላው ብትወጡ ከተማው ይገባችኋል።

ስለጠየቁኝ የመግባት ጉዳይ፣ መካነ መቃብሮቹን የሚጠብቅ ሰው ስላለ ጠይቆና ጫማ አውልቆ መግባት ይቻላል፤ ባለቤትዎና እናትዎ ነጠላቸውን ቢከናነቡ ይበቃል። በአረንጓዴ ቀለም የተቀባውን የአሚር ኑርን መቃብርና የአው አባድርን ስፍራ ያሳዩአቸው። መስጊዶቹን በተመለከተ በአብዛኛው ከውጭ ማየቱ ይመረጣል፤ የዓርብን የቀትር ሰዓት ደግሞ ለሰጋጆቹ መተው ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ያለው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ ምኒልክ ከተማዋን በያዙ ጊዜ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ የተሠራ ነው። ይህን ለልጆችዎ ሳይሸፍኑ መንገር ተገቢ ይመስለኛል፤ እኔም ለእንግዶቼ እነግራለሁ።

ሐረሪ ቤት ሳያዩ እንዳይሄዱ። በቤታቸው እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉና እዚያ ብታድሩ ከሆቴል ይሻላል። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው በምንጣፍ ተሸፍነው ይታያሉ። አባወራው የሚቀመጥበት፣ ሽማግሌው የሚቀመጥበት፣ ልጆችና እንግዶች የሚቀመጡበት ከፍታ የተለያየ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው። ወለሉ ቀይ የሆነው በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነም ይነገራል። ከቡና ገለፈትና ከወተት የሚፈላ ሆጃ ቢያቀርቡላችሁ እምቢ አትበሉ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው ቀጭን መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ልጆችዎ ጨርቁን ከጎን ካለው ሱቅ መርጠው እዚያው ቢሰጧቸው፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ተሰፍቶ ይጠብቃችኋል። ሙዚየሞቹን በአንድ ጠዋት ማዳረስ ይቻላል። በራምቦ ቤት ከድሮ ፎቶግራፎቹ ፊት ቆዩ፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ በሐረር ነግዷል፣ ሆኖም ያ ቤት እርሱ የኖረበት አይደለም። በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም በእጅ ጽሑፎቹና በሳንቲሞቹ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ጅቡን በተመለከተ፣ ሰውየው ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ ሰክቶ ሲያቀርብ ልጆችዎም ሊሞክሩት ይችላሉ። ከመሸ በኋላ ከግንቡ ውጭ ስለሆነ ባጃጅ አስጠብቃችሁ ሂዱ፤ ፍላሽ ያለው ካሜራ አታብሩ። ጅቦቹ ሌሊት ከተማ ገብተው የሚወጡበት ቀዳዳ በግንቡ ላይ አለ፤ ቀን ሲዞሩ ያንን ማየት ለእኔ ከትርኢቱ ይበልጣል።

ጠያቂ፦ መንገደኛ ከቨርጂኒያ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጅግጅጋን አውጥተናል፤ ሐረር ላይም ሁለት ሌሊት እናድራለን። ንግሡን አሳልፎ መሄድ የሚለውን ሐሳብ ግን ለእናቴ ባነብላት «እኔ የተሳልኩት ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ላመሰግን ነው» ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ታኅሣሥ 19ን እዚያ መዋላችን አይቀርም።

መልስ 3፦ የንግሥ ተሳላሚ

እናታችን እውነት አላቸው፤ ከመልስ 1 ጋር በዚህ አልስማማም። ቁልቢን ቁልቢ የሚያሰኘው ሕዝቡ ነው። ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነውና ከመነሻውም የስለት ደጅ ነው። ከድሬዳዋና ከሐረር በእግር የሚወጣውን፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚያያዘውን፣ በስለት ያገኘውን ሕፃን ለክርስትና ይዞ የሚመጣውን ሰው ያለ ንግሡ ቀን በዚያ ብዛት አያዩትም። በዓሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ይነግሣል፤ ታኅሣሡ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት መታሰቢያ ስለሆነ ብዙ ሕዝብ የሚመጣውም በእርሱ ነው።

አረጋዊት ይዞ ለመሄድ ግን ብልሃት ይጠይቃል። ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ለመድረስ አታስቡ፤ መኪና ከሩቅ ስለሚቆም ቀሪውን ዳገት በእግር መውጣት ግድ ይሆናል። በ17 ወይም በ18 ማለዳ ብትደርሱ ሊያስጠጓችሁ ይችላሉ። በቁልቢ ከተማ ነዋሪዎች ክፍል ያከራያሉ፤ ዘመድ ወይም የምታውቁት ሰው ካለ አሁኑኑ አስይዙ፤ የድሬዳዋና የሐረር ሆቴሎችም በዚያ ሳምንት ቀድመው ይሞላሉ። ታጣፊ ወንበር ያዙላቸው። ቦታው ደጋ ስለሆነ የታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ከድሬዳዋ ሙቀት በስስ ልብስ የወጣ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ ስለዚህ ጋቢና ብርድ ልብስ አይርሱ። መድኃኒታቸውን በሻንጣ ሳይሆን በኪሳቸው፣ የእናንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በአንገታቸው አድርጉላቸው፤ በዚያ ግፊያ ሰው ይጠፋፋል፣ ኔትወርክም ይጨናነቃል። ስለቱን ገንዘብ ከሆነ ደረሰኝ በሚቆርጡት ዘንድ ብቻ አስገቡ፤ ከመንገድ ዳር «እኔ ላድርስልዎ» የሚል አይጠፋም። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲፈስ መንገዱ ስለሚዘጋ እናንተ አትቸኩሉ፤ አድራችሁ በማግሥቱ ውረዱ።

መልስ 4፦ የከዚራ ልጅ

የእናትዎ ቃል ከእኔ ምክር ይበልጣል፤ ተረትቻለሁ። እንግዲያው እስከ 17 ድሬዳዋን ጨርሳችሁ ወደ ቁልቢ ውጡ፤ ሐረርን ከንግሡ በኋላ አድርጉት፤ ከቁልቢ ወደ ሐረር ስትሄዱ ደርቆ የነበረውና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ የተመለሰበት የሐሮማያ ሐይቅ፣ ከዚያም የአወዳይ የጫት ገበያ በመንገዳችሁ ላይ ናቸው።

ባቢሌን ከሐረር በግማሽ ቀን ታዩታላችሁ። ከባቢሌ ከተማ አልፎ በዳካታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ አሁን ወደቀ የሚያሰኘው ቦታ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ እናትዎም ሳይወርዱ ያዩታል። የዝሆኖቹ መጠለያ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁጥቋጦ ስለሆነ ዝሆን እናያለን ብላችሁ ለልጆቹ ቃል አትግቡ፤ ለውዙን ግን እዚያው ገዝታችሁ ብሉ።

አዋሽ ፓርክን በመመለሻው ላይ አድርጉት፤ ሳላ የሚባለው የዱር እንስሳ የሚታየው ማለዳ ስለሆነ አዋሽ ከተማ ማደር ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ መንገዱም ሕንፃዎቹም ተጎድተው ነበርና ከመነሣታችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ ጠይቁ። የአሰቦትም ገዳም ተራራ ላይ ስለሆነ ለእናትዎ ጉልበት አይሆንም፤ ከንግሥ የመጣ ሰው ሌላ ዳገት አይጨመርበትም። ከሐረር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዋሽ ግቡ፤ በዚያ መንገድ ላይ በጨለማ መጓዝ ለጸጥታም ለከባድ መኪናዎቹም ሲባል አይመከርም፤ የሚከራዩትንም ሹፌር በዚህ ላይ አስቀድመው ይስማሙት።