ማሽን ጽሑፍ ያንብብ ወይስ ሰው ይታይ?

አወያይ፦ ኮደሩ የመመረቂያ ሥራውን የማይለቅ ድካም ላይ ሊሠራ ነው። ሐኪሞች ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም የሚሉት ሕመም ነው። በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌ እንዲማር በማድረግ፣ ብዙ ሺህ የሕክምና ጽሑፎችን አስነብቦ የመንስኤውን ፍንጭ መፈለግ ይፈልጋል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው፦ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ወይስ መጀመሪያ ታማሚው ይታይ? ኮዬ ፈጬም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ አባዶም ያላችሁ ግቡበት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ስድብ የለም።

ኮደሩ፦ ፐብሜድ በሚባለው ማውጫ ላይ ከ35 ሚሊዮን በላይ የሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? በ1986 ዶን ስዋንሰን የሚባል የቺካጎ ምሁር ሁለት የማይተዋወቁ የጽሑፍ ክምሮችን አገናኘ። ሐኪም አልነበረም። አንዱ ክምር የዓሣ ዘይት የደምን ውፍረት ይቀንሳል ይላል። ሌላው ሬይኖ የተባለው፣ ጣት በብርድ የሚነጣበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደማቸው ወፈር ይላል ይላል። ስለዚህ የዓሣ ዘይት ይሞከርላቸው አለ። በኋላ በታማሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ደገፈው። በ2020ም ቤኔቮለንትኤአይ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ባሪሲቲኒብን ለኮቪድ የጠቆመው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ነበር። ተፈትኖ ጸደቀ።

ቀልደኛው፦ እኔንም ሰኞ ሰኞ ይይዘኛል። ማሽኑ ይየኝ።

የአባዶዋ፦ ይቺን ቀልድ ሐኪም ቤትም ሰምቻታለሁ፣ አዲስ አምጣ። ኮደሩ ወንድሜ፣ ኮቪድ የያዘው ሰው በምርመራ ይታወቅ ነበር። እኔን ማን ያውቀኛል? ታይፎይድ ተባልኩ። ታይፈስ ተባልኩ። ደም ማነስ፣ ቫይታሚን፣ ጭንቀት። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ውሃ ሲጠፋ አንድ ጀሪካን ካወጣሁ ያን ቀን ደህና ነኝ። የምወድቀው በማግስቱ ነው፤ ተኝቼም አይለቀኝም። ይሄ የትኛው ጽሑፍ ላይ አለ?

ሲስተር፦ እህቴ፣ እሱስ አለ። ምን እንደሆነ ሳላይሽ አልልም፣ ግን የምትዪው ነገር የሕመሙ ዋና ምልክት ነው። በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያለዚህ ምልክት በሽታው ነው አይባልም ብሏል። እዚያው አገር ከታማሚዎቹ ከ84 እስከ 91 በመቶው በሐኪም እንዳልተለየላቸው ተገምቷል። አሜሪካ እንዲህ ከሆነች የኛን ጤና ጣቢያ አስቡት።

ግን ኮደሩ፣ አንድ ጣጣ አለብህ። በ1991 የወጣው፣ ሕመሙ ያለበትን ሰው መለያ የሆነው የኦክስፎርድ መስፈርት ላይ የማግስቱ መውደቅ ግዴታ አይደለም። ስድስት ወር የቆየ ከባድ ድካም ካለ በቃ። በ1994 ሌላ መስፈርት ወጣ፣ በ2003 ካናዳ ሌላ። ጽሑፎቹ ሁሉ ግን አንድ ስም ይዘዋል። በ2011 የታተመው ፔስ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ሰዎቹን የመረጠው በኦክስፎርዱ ነው። ቀስ በቀስ እየጨመሩ ስፖርት መሥራት ይረዳል አለ። በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ፣ ናይስ፣ ይህን ምክር ሰረዘው። ማሽንህ በብዛት የተጻፈውን ከተከተለ ለዚህች ልጅ "ጀሪካኑን ጨምሪ" ነው የሚላት።

ጋሽ መምህር፦ እኔም የምፈራው እሱን ነው። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ኤክስኤምአርቪ የሚባል ቫይረስ በነዚህ ታማሚዎች ደም ተገኘ ተባለ። ዓለም ተንጫጫ። ነገሩ የላብራቶሪ ብክለት ነበር፤ በ2011 ጽሑፉ ተሰረዘ።

ኮደሩ፦ ጋሼ፣ የተሰረዘ ጽሑፍ ፐብሜድ ላይ ምልክት አለው። አስወጣዋለሁ።

ጋሽ መምህር፦ እሱን አስወጣህ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ እሱን አምነው የጻፉትንስ? እነሱ ላይ ምልክት የለም።

ኮደሩ፦ ልክ ነው፣ እሱ ከባድ ነው። ግን ሰው የሚያነበውም ያንኑ ጽሑፍ ነው። ማሽኑን ብቻ ለምን እንከሳለን?

ሲስተር፦ ሰው ቢያንስ በሽተኛዋን ዞር ብሎ ማየት ይችላል። በ2025 ዲኮድኤምኢ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ከ15 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ዲኤንኤ አይቶ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ቦታዎችን ጠቁሟል። ያ የመጣው ሰዎች በፖስታ ከላኩት ምራቅ ነው። የተተነተኑት ደግሞ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ናቸው። የሌለን ሰው ማሽን ከየት ያመጣዋል?

አወያይ፦ የኔን ልናገርና ልውጣ። ሲስተር አሳምናኛለች። ማሽኑ የተጻፈውን ያገናኛል፣ ያልተጻፈውን አይወልድም። ግን ሥራው ይቅር አልልም፤ ርካሽ ነው። ስዋንሰንን ስንት ያስወጣው መሰላችሁ? ኮደሩ ጥያቄውን ያጥብብ።

ኮደሩ፦ እሺ። መንስኤ ፍለጋውን ልተወው። ማሽኑ እያንዳንዱ ጽሑፍ በየትኛው መስፈርት ሰው እንደመረጠ ይለይ። የማግስቱን መውደቅ የጠየቁትን ብቻ ለብቻ ያውጣ። መቶ ያህሉን ሲስተር በእጇ ታመሳክርልኝ።

ሲስተር፦ ይህንን እሠራለሁ። በነፃ ግን አይደለም።

የአባዶዋ፦ ጥሩ፣ ጽሑፎቹ ተለዩ። እኔስ? ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርድ ሳወጣ "በማግስቱ ምን ትሆኛለሽ?" የሚለኝ የለም። ይህን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ጋሽ መምህር፦ ስለዚህ ኮደሩ በጀቱን እዚሁ ይለጥፍ። ጤና ጣቢያ ቁጭ ብላ ያንን ጥያቄ ለምትጠይቅ ነርስ ደመወዝ የሚል መስመር ካላየሁበት፣ የኔ ድምፅ ተቃውሞ ነው።