የላቫጆ እጣቢ ግንፍሌ ወንዝ እየገባ ነው፣ የት ነው የሚከሰሰው?

ሜሪ አዋሬ
ሰላም ሰዎች እስቲ የምታውቁ እርዱኝ፣ ከቤታችን ከፍ ብሎ ላቫጆና ጋራዥ አንድ ግቢ ውስጥ አለ፣ እጣቢውንም የተቃጠለውን ዘይትም መንገድ ዳር ያለው ዲች (የዝናብ ውሃ ቦይ) ውስጥ ይለቁታል እሱ ደግሞ ቀጥታ ግንፍሌ ነው የሚገባው። አንዱ ቢሮ ሄጄ ዲቹ የኛ አይደለም አሉኝ፣ ሌላው ደግሞ ፍሳሽ መስመር ላይ ስላልገባ አይመለከተንም። በዛ ላይ ሰውዬው እድርተኛችን ነው፣ ስሜ ከወጣ እማዬ ከሰፈር ሰው ጋር ተቆራረጠች ማለት ነው 😩

አቢ
ደንብ ማስከበር ጥሪ አለቀ። ማመልከቻ ምናምን ጊዜ ማባከን ነው

ኪያ ሳሪስ
@አቢ ይቀጡታል፣ ይከፍላል፣ በነጋታው መልሶ ይለቀዋል፣ ስንቴ አየን እኮ።
ሜሪ፣ የዝናብ ውሃ ዲች የመንገዶች ባለስልጣን ነው፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር የውሃና ፍሳሽ፣ ስለዚህ እነዛም አልዋሹሽም። አንቺ ግን የምትከሺው ዲቹን ሳይሆን የሚደፋበትን ሰውዬ ነው፣ እሱ የአዲስ አበባ ከተማ አካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን ስራ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995ን አንብቢው፣ ኢንስፔክተሩ ሳያስጠነቅቅም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝም ግቢው ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ እስከ ማዘጋት ድረስ ይሄዳሉ። ዋናው ነገር በቃል እንዳትነግሪያቸው!! በጽሁፍ አስገቢና ኮፒው ላይ ቀንና ማህተም አስመቺበት፣ ምክንያቱም በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ ወይ ውሳኔው ካልተስማማሽ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ፣ ማህተም ከሌለሽ ቀኑን ከየት ነው የምትቆጥሪው

ጋሽ ተሾመ
ልጆች ክሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ በእድሩ ዳኛ በኩል ሰውዬውን አናግሩት። የተቃጠለ ዘይት እኮ በበርሜል ቢያጠራቅመው ገዢ አለው፣ ኮንስትራክሽን ላይ ፎርምወርክ (የኮንክሪት ማፍሰሻውን ሳንቃ) ይቀቡበታል። ብር እየደፋ እንደሆነ ብትነግሩት ከሕጉ ይልቅ እሱ ይገባዋል

ቤቲ
ጋሼ ዘይቱን ቢሸጠውስ እጣቢውን ምን ያደርገዋል? ግንፍሌ ቀበና ይገባል፣ ቀበና ትልቁ አቃቂ፣ በአቃቂ ውሃ የበቀለውን ጎመንና ሰላጣ ደግሞ እኛው ነን ገዝተን የምንበላው፣ የሞተር ዘይት ውስጥ እርሳስ (ሊዱን ማለቴ ነው የምንጽፍበትን አይደለም) ካድሚየም ምኑ ቅጡ

ሜሪ አዋሬ
እሺ እድሩንም እንሞክራለን ጋሼ። ኪያ ግን ማመልከቻው ላይ የማን ስም ነው የሚገባው? እኔ አልችልም አልኩ እኮ

ኪያ ሳሪስ
የማንም ሰው ስም ሊገባ ይችላል። አዋጁ "ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል" ብለሽ እንድታስረጂ አያስገድድም፣ ማንኛውም ሰው ይላል። እኔ ሳሪስ ነኝ፣ ሰውዬውን አላውቀውም እሱም አያውቀኝም፣ ፎቶና ትክክለኛውን ቦታ በውስጥ መስመር ላኪልኝ በስሜ አስገባዋለሁ። ዲቹ ውስጥ ሲለቁ በግልጽ የሚያሳይ ቪዲዮ ካለሽ ደግሞ በጣም አሪፍ

ሜሪ አዋሬ
አለኝ! ከመስኮት ነው የቀረጽኩት፣ አሁን ልላክልህ