ክርክር፦ አልገጥም ላለ አጥንት የናኖፓርቲክልና የስቴም ሴል ሥራ ባሕር ዳር ላይ ይጀመር?

ደንገል፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። ቅልጥሙ ተሰብሮ ዘጠኝ ወር አልፎትም አጥንቱ አልይዝ ላለ ሰው፣ ከራሱ መቅኔ የተወሰደ ስቴም ሴል (ገና ወደ አጥንት ሊለወጥ የሚችል ሴል) መድኃኒት ከተሸከመ ናኖፓርቲክል (በዓይን ከማይታይ ቅንጣት) ጋር የሚዘጋጅበት ቤተ ሙከራ ከተማችን ይኑራት? ወይስ ገንዘቡ ለቀዶ ጥገና ዕቃ ይዋል?

ዘንባባ፦ ይኑራት። አጥንት አብቃዩን ፕሮቲን ቢኤምፒ-2ን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ለወገብ አጥንት ስትፈቅደው በኮላጅን ስፖንጅ ተነክሮ ነው፤ በሚሊሊትር 1.5 ሚሊግራም። መጠኑ የበዛው ስፖንጁ ይዞ ስለማያቆየው ነው። በ2008 ደግሞ አንገት ላይ ሲደረግ እብጠቱ መተንፈሻ ሊዘጋ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ፒኤልጂኤ በሚባል፣ ሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ፖሊመር (የፕላስቲክ ዓይነት) ከታሸገ ግን በሳምንታት ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ስቴም ሴሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እንኳ ወደ አጥንት ሴልነት የሚገፉት ዴክሳሜታዞን 100 ናኖሞላር፣ አስኮርቢክ አሲድ በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም፣ ቤታ ግሊሴሮፎስፌት 10 ሚሊሞላር ሳይቋረጥ እየተሰጠው፣ ካልሲየም አስቀምጦ በአሊዛሪን ቀለም የሚቀላው 21 ቀን ገደማ ሲሞላው ነው።

ቀዶ ጥገና፦ እህቴ፣ እኛ ዘንድ አጥንት እንዳይገጥም የሚያደርገው የናኖ እጦት አይደለም። ባጃጅ የገጨው ክፍት ስብራት ዘግይቶ ይታጠባል፤ ወይ ወጌሻ በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ ያስረውና ደም ይቋረጣል። መግል ባለበት ቦታ ሴል ማፍሰስ ሴሉን መግደል ነው። መጀመሪያ የሞተው አጥንት ይቆረጣል፤ ጠርዙ በነጥብ በነጥብ ደም እስኪያወጣ። ነጭና ደረቅ ከሆነ ገና ነው። ከዚያ 40 ግራም የአጥንት ሲሚንቶ ከ2 እስከ 4 ግራም ቫንኮማይሲን (ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት) ተደባልቆ ክፍተቱን ይሞላል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዙሪያውን ስስ ሽፋን ይበቅልበታል፤ ያ ተሰንጥቆ ሲሚንቶው ይወጣና በዳሌ አጥንት ፍርፋሪ ይተካል። ይህ ሳይሟላ ስለ ናኖ ማውራት ይከብደኛል።

ኢንኩቤተር፦ ሁለታችሁም ከፍታውን ዘላችሁታል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። የኦቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ግፊት መለኪያ 15 ፒኤስአይ ስላሳየ 121 ዲግሪ ደረሰ ማለት አይደለም፤ እዚህ 18 ገደማ መሆን አለበት። የኢንኩቤተሩ (የሴል ማሳደጊያው ሳጥን) ካርቦን ዳይኦክሳይድም 5 በመቶ ላይ ከተሞላ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ ያንሳል፤ የሴሉ ምግብ ወደ አልካላይ ያደላና ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። 6 በመቶ ገደማ ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ማምከኑ ነው። ፒኤልጂኤ ኦቶክሌቭ ቢገባ ተጣብቆ ጓል ይሆናል። በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ሲያልፍ ትላልቆቹ ቅንጣቶች ይቀራሉ፤ ጋማ ጨረር ደግሞ የፖሊመሩን ሰንሰለት ይበጣጥሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ በንጹሕ ካቢኔት ውስጥ መሥራት ነው። ኢንዶቶክሲንም (የባክቴሪያ ቅሪት መርዝ) በኦቶክሌቭ አይጠፋም፤ ብርጭቆው በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት 30 ደቂቃ ይቆያል።

ዓሣ ገበያ፦ የጣና ቆሮሶ ዓሣ አጥንትስ? ሲቃጠል ሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን) ይሆናል ይባላል።

ኢንኩቤተር፦ ይሆናል። ሥጋው ተፍቆ 800 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ነጭ ዱቄት ይቀራል፤ ግራጫ ከሆነ ካርቦን አልወጣለትም። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ቅንጣቶቹ ይጣበቁና ናኖነታቸው ይቀራል። ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እርሳስና ካድሚየሙ መለካት አለበት።

ዘንባባ፦ ዶክተር፣ ሲሚንቶው ውስጥ ካስገቡት ቫንኮማይሲን የሚወጣው ገጹ አካባቢ ያለው ነው፤ አብዛኛው ተቀብሮ ይቀራል። የሚሟሟ ቅንጣት ሁሉንም ይሰጣል። ችግሩን አልደብቅም፤ ፒኤልጂኤም በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብዙውን ሊለቅ ይችላል፤ ገጹ ላይ የቀረው መድኃኒት ነው የሚታጠበው። ሲሟሟም ውስጡ አሲድ ስለሚሆን ፕሮቲን ይበላሻል፤ ለዚያ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመርበታል።

ቀዶ ጥገና፦ የቫንኮማይሲኑን ነገር እቀበላለሁ። ለስቴም ሴል ግን ሳህን የማያስፈልገው መንገድ አለ። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ኤርኒጉ በ2005 ባወጡት ሥራ፣ መግል በሌላቸው 60 አልገጥም ባሉ ቅልጥሞች ላይ 300 ሚሊሊትር መቅኔ ሴሉ እንዲከማች ወደ 50 ሚሊሊትር ተቀንሶ፣ 20 ሚሊሊትሩ ስብራቱ ላይ ተወጋ። 53ቱ ገጠሙ። ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ሴሉን የሚለይ ማሽን) ካለ ይበቃል።

ኢንኩቤተር፦ ያልገጠሙት ሰባቱ የሴላቸው ቁጥር ዝቅተኛ እንደነበርም ይጨምሩበት። ያ የታወቀው ሴሉ በሳህን ላይ ተባዝቶ ክምችት እስኪሠራ 10 ቀን ገደማ ጠብቀው ስለቆጠሩ ነው። ከአንድ ቀዳዳ 20 ሚሊሊትር የሚስብ ሰው የሚያገኘው በአመዛኙ ተራ ደም ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊሊትር ስቦ መርፌውን ማዞር፣ ደግሞ ቦታ መቀየር አለበት። ሳይቆጠር የተወጋው መቅኔ ይሁን ደም በምን ይታወቃል?

ቀዶ ጥገና፦ ልክ ነው። ለመቁጠሪያ አንድ ኢንኩቤተርና አንድ ካቢኔት ይገዛ። ፒኤልጂኤው ይቆይ።

ዘንባባ፦ በዚያው ካቢኔት ሴል የሌለበት የቫንኮማይሲን ቅንጣት ይሠራል። በ37 ዲግሪ ፎስፌት በፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለወጥ ፈሳሽ) ውስጥ ይቀመጥ፤ በ1፣ በ6፣ በ24 ሰዓት፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ናሙና ይወሰድ። የ28ኛው ቀን ፈሳሽ ስታፍ የሚባለውን ባክቴሪያ ካልገደለ፣ ያን ጊዜ ይቆይ በሉኝ።