ከፒቲኤስዲ ጋር የተያያዘ ሕመም ቪኤ ለምን ውድቅ ያደርጋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በአሜሪካ ጦር አገልግሎ ለፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም) 70 ከመቶ የጉዳት ደረጃ ያለው ሰው፣ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ) እና የደም ግፊት ጨምሮ ካሳ አመለከተ። ሁለቱም በሐኪም የተረጋገጡ ናቸው፤ ሲፓፕ የሚባል በእንቅልፍ ጊዜ አየር የሚገፋ ማሽንም ታዞለታል። ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ግን «ከአገልግሎት ጋር አልተያያዘም» አለ። ምን ጎድሎ ነው? ቢፈቀድለትስ የፒቲኤስዲው 70 እና ለአፕኒያው የሚሰጠው 50 ተደምሮ 100 ይሞላል?

መልስ 1፦
የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን ከፒቲኤስዲው ጋር የሚያገናኝ የሐኪም ደብዳቤ ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ አይረባም። ሐኪሙ የመሆን ዕድሉ ቢያንስ 50 ከመቶ መሆኑን ጽፎ፣ የታካሚውን ፋይል ማየቱን ገልጾ፣ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ለምሳሌ የፒቲኤስዲው መድኃኒት ክብደት ጨምሮበት፣ ክብደቱ ደግሞ አፕኒያውን አምጥቶ ከሆነ ሰንሰለቱ እንዳለ ይጻፍ። ውፍረት ለብቻው ካሳ ባያስገኝም እንደ መሸጋገሪያ ይቆጠራል። ደብዳቤው ፒቲኤስዲው ሕመሙን «አመጣው ወይ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «አባባሰው ወይ» የሚለውንም ይመልስ፤ ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀው ሁለተኛውን ዘልሎ ነው። ለማባባስ ግን ሕመሙ ከመባባሱ በፊት ምን ያህል እንደነበር የሚያሳይ የሕክምና መዝገብ ያስፈልጋል።

መልስ 2፦
ሒሳቡ ተራ መደመር አይደለም። 70 ሲነሳ 30 ይቀራል፤ የ30 ግማሽ 15 ነው፤ 85 ይሆንና ወደ 90 ይጠጋጋል። ሲፓፕ ያስፈለገው አፕኒያ 50 የሚያገኘው አሁን ባለው የቪኤ የደረጃ ሠንጠረዥ ነው። የደም ግፊቱ 10 ቢያገኝ ድምሩ 87 ነው፤ እሱም ያው 90። ስለዚህ ጉልበቱን አፕኒያው ላይ ያውል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንቅልፍ ማጣቱንስ ለብቻው ያመልክት?

መልስ 1፦
አይጠቅምም። እንቅልፍ ማጣት በፒቲኤስዲው 70 ውስጥ ተቆጥሯል፤ አንዱን ምልክት ሁለቴ መክፈል ክልክል ነው። አፕኒያ ግን በእንቅልፍ ምርመራ የሚረጋገጥ የትንፋሽ ሕመም ስለሆነ ራሱን ችሎ ይታያል።

መልስ 3፦
ቀኑ እንዳያልፈው። ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ውስጥ የሐኪሙን ደብዳቤ ከፎርም 20-0995 (አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከቻ) ጋር ካስገባ፣ ቢፈቀድለት ክፍያው የሚታሰበው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ነው። በስህተት 20-0996 (ውሳኔው በከፍተኛ ገምጋሚ እንደገና እንዲታይ መጠየቂያ) እንዳይሞላ፤ በዚያ መንገድ አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም። ለምርመራ ከጠሩት ደግሞ አይቅር፤ ካልቻለ አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ ያስለውጥ። ፎርሙን የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ማኅበራት ተወካዮች በነጻ ይሞሉለታል።