ጠላና ክኒን፦ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች ክርክር

አስተባባሪ፦ የብሎክ 14 ጎረቤታችን ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ ፌነልዚን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ይዞ መጥቷል። ሐኪሙ የቆየ አይብና የቤት ጠላ ከልክሎታል። ጥያቄው፦ እንዲህ ያለ መድኃኒት እኛም አገር ይታዘዝ ወይስ ይቅር? ስድብ የለም።

ብሎክ 31፦ ይቅር! እዚህ ሰፈር ድግስ ቤት ገብተህ ጠላ ሳትቀምስ ትወጣለህ? "ክኒን ላይ ነኝ" ብትል "አንድ ብርጭቆ ምን ታደርጋለች" ነው መልሱ።

ብሎክ 9 (ፋርማሲስት ነኝ)፦ ቆይ፣ መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። አንጎላችን ውስጥ እነ ሴሮቶኒንና ዶፓሚን መልእክት ያመላልሳሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰባብራቸዋል። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት የተለመዱት ክኒኖች ኢንዛይሙን አይነኩም፤ ሴሮቶኒን ወደ ወጣበት ሕዋስ እንዳይመለስ ነው የሚያግዱት። ፌነልዚን ግን ኢንዛይሙን ራሱን ከሥራ ያወጣዋል። ጣጣው ይኸው ኢንዛይም አንጀትና ጉበት ላይም ዘበኛ መሆኑ ነው። የቆየና የተብላላ ምግብ ውስጥ ቲራሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዘበኛው ከሌለ ቲራሚን በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፣ ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ራስን ለሁለት የሚፈልጥ ምታት ይመጣል፤ ሲብስ አንጎል ውስጥ ደም ይፈሳል። ክኒኑን ካቆሙ በኋላም ጥንቃቄው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀጥላል፤ ሰውነት ኢንዛይሙን እንደ አዲስ እስኪሠራ።

ብሎክ 31፦ በቃ፣ ራስሽ ፈረድሽ።

ብሎክ 22፦ ኧረ ቀስ! ቲቢ ይዞኝ አይሶኒያዚድ ለወራት ውጫለሁ። የእሱ የቅርብ ዘመድ አይፕሮኒያዚድ በ1952 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ለቲቢ ሲሞከር፣ አልጋ ላይ የነበሩት በሽተኞች ፈገግ ማለት፣ መጫወት ጀመሩ። የድባቴ ክኒን ታሪክ አንዱ መነሻ ይሄ ነው። በኋላ ጉበት ስለሚጎዳ ቀረ፤ እንደ ፌነልዚን ያሉት ወንድሞቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ። እህቴ ሦስት ዓይነት ክኒን ቀያይራ አልተሻላትም። ለእሷ "ጠላ ስለምንወድ ይቅርብሽ" ልበላት?

ብሎክ 31፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ማን ይከታተላታል? ስፔሻሊስት ለማየት ከዚህ ስንት ታክሲ እንደሚያዝ አንተም ታውቃለህ።

ብሎክ 9፦ እኔ ከጠላው ይልቅ የጉንፋን መድኃኒቱን እፈራለሁ። ሰው መጥቶ "ለጉንፋን የሆነ ነገር ስጪኝ" ይላል፤ ሌላ ምን እንደሚወስድ አይነግረኝም። አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ከነዚህ ክኒኖች ጋር ግፊት ያንራል። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም አብሮ አይወሰድም። ሌላ ነገር ደግሞ፣ የምግብ ዝርዝሩ የተጻፈው ቺዝና ሳላሚ ለሚበላ ሰው ነው። ትኩስ አይብ ችግር የለውም፤ ከርሞ የሸተተው ግን አይሆንም። ቋንጣውን፣ ጠላውን፣ ባቄላ እሸቱን በስማቸው የሚጠራ ዝርዝር በአማርኛ ያስፈልገናል። ያለዚያ እኔም "ይቅር" ከሚሉት ወገን ነኝ።

ብሎክ 22፦ ቀለል ያለ የለውም?

ብሎክ 9፦ ሞክሎቤማይድ አለ። ኢንዛይሙን ለጊዜው ነው የሚይዘው፤ ቲራሚን ሲበዛ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ የምግቡ ነገር ይቀላል፣ የመድኃኒቱ ጥንቃቄ ግን አይቀርም።

ብሎክ 14፦ ወንድሜ ሁሉንም አንብቧል። "የእሁዱ ሰርግ ላይ ውሃዬን ይዤ እመጣለሁ፤ በሞቴ የሚለኝ ካለ ከፋርማሲስቷ ጋር ይነጋገር" ብሏል።