ክብደት ሳነሣ ሰዓቱ የሚቆጥርልኝን ካሎሪ ልመነው?

ጠያቂ ከአዳማ
ጤና ይስጥልኝ። ፍራንኮ አካባቢ በሚገኝ ጂም ከሥራ በኋላ ክብደት እሠራለሁ። ክብደቴ 70 ኪሎ ሲሆን፣ ዓላማዬ ጡንቻ ሳላጣ ጥቂት ኪሎ መቀነስ ነው። በእጄ ያሰርኩት ስማርት ሰዓት ለአንድ ሰዓት የስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ የቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረት ወደ ላይ መግፋት) እና የዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሣት) ልምምድ 480 ካሎሪ ያህል ሲቆጥርልኝ፣ ይህንኑ ልምምድ ምግቤን በምመዘግብበት አፕ ላይ ራሴ ሳስገባው 245 ብቻ ይሰጠኛል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አፑ ደምሮ ያንኑ ያህል ተጨማሪ እንድበላ ይፈቅድልኛል። የትኛውን ልያዝ? ለመሆኑ ክብደት ሲነሣ መመዝገብ ያለበት ዋናው ነገር ምንድን ነው?

ሒሳብ ወዳድ
አፑ 245ን ያገኘው በቀላል ማባዛት ነው። ያረፈ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ካሎሪ ገደማ እንደሚያቃጥል ይታሰብና፣ እንቅስቃሴው የዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚያሳየው ሜት በተባለ መለኪያ ይባዛል። መካከለኛ የክብደት ልምምድ 3.5፣ ጠንካራው 6 ሜት ስለሚሰጠው ለእርስዎ ከ245 እስከ 420 ይደርሳል። አፑ ስንት ኪሎ እንዳነሡም ሆነ በዙሮች መካከል ስልክ ሲነካኩ እንደቆዩ አያውቅም። ከ245ቱም ውስጥ 70ው ዝም ብለው ቢቀመጡም የሚያቃጥሉት በመሆኑ በዕለቱ መደበኛ ፍጆታ ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል፤ ስለዚህ በእርግጥ ተጨማሪ የሚባለው 175 ያህል ነው።

ብረት ገፊ
እኔ ደግሞ ስለ ሰዓቱ ልበል። ሰዓቱ የልብ ምትን እንጂ ካሎሪን አይለካም፤ ካሎሪውን ከልብ ምቱ ተነሥቶ ይገምታል። በሩጫ ላይ የልብ ምትና የኦክስጅን ፍጆታ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ግምቱ ያን ያህል አይርቅም። ከባድ ስኳት ላይ ግን ትንፋሽ ተይዞ ጡንቻ ሲወጠር የደም ግፊት ስለሚጨምር፣ ልብ ከኦክስጅን ፍጆታው በላይ ይመታል፤ ሰዓቱም ያንን እንደ ሩጫ ይቆጥርልዎታል። የአዳማ የከሰዓት ሙቀትም አለ፦ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ፣ ጠዋት የተነሣው ያው ክብደት ከሰዓት በኋላ ልብን ይበልጥ ያስመታል፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ከቆመማ አይነሣ። ዴድሊፍት ሲጨብጡም የእጅ አንጓ ስለሚወጠር፣ ከሰዓቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ብርሃን የደሙን ፍሰት በደንብ አያነብም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትሹ፣ 6ቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለክተዋል። በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል፤ ያውም ፈተናው በእግር ጉዞ፣ በሩጫና በብስክሌት እንጂ በክብደት አልነበረም።

የጠዋት ሯጭ
እኔ ብሆን ለክብደት ልምምድ ምንም ካሎሪ አላስገባም፤ ሰዓቱና አፑ የሚገናኙበትንም መስመር እዘጋለሁ። የምበላው ልክ መሆኑን የሚነግረኝ ሚዛን ነው፦ በየማለዳው ቁርስ ሳልቀምስ ተመዝኜ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያያለሁ። የአንድ ቀን ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ጨው የበዛበት እራት ብቻውን በማግስቱ ውኃ አስይዞ ከፍ ያደርገዋል። አማካዩ ለሦስት ሳምንት ያህል ካልቀነሰ ከምግቡ ጥቂት መቀነስ ነው።

ለክብደቱ የሚመዘገበው የተነሣው ኪሎ፣ ድግግሞሹና ዙሩ ነው። በ60 ኪሎ ስኳት 8 ጊዜ በ3 ዙር ከሠሩ 1,440 ኪሎ ይሆናል። ምግብ እየቀነሱም ይህ ቁጥር ካልወረደ፣ ጡንቻዬ ይሄድ ይሆን ብለው አይሥጉ።

ጠያቂ ከአዳማ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ፕሌቶቹ (ክብ ክብደቶቹ) የሚገቡበት ዘንግ ከ60ው ውስጥ ይቆጠራል? እኛ ጋ ያለው በብየዳ የተሠራ ነው።

ብረት ገፊ
አዎ፣ ይቆጠራል። የውድድር መደበኛው የወንዶች ዘንግ 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። በብየዳ የተሠራውን ግን በግምት አይያዙት፦ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ዘንጉን ይዘው ሚዛን ላይ ይውጡና ልዩነቱን ይመዝግቡ። ጂሙ ሁለት ዓይነት ዘንግ ካለው የትኛውን እንደተጠቀሙ ከጎኑ ይጻፉ፤ አለዚያ ዘንግ በለወጡ ቁጥር የበረቱ ወይም የደከሙ ይመስልዎታል።