የኩፍኝ ላይን ሊስትና የተጋላጭነት ቦታዎች፦ ከተማ ውስጥ እንዴት ነው የምትይዙት?

ፎካል_ክፍለከተማ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው አዲስ አበባ ውስጥ በክፍለ ከተማ ደረጃ የኩፍኝ ቅኝት ለሚሠሩ ነው። ከጤና ጣቢያዎችና ከግል ክሊኒኮች የሚመጣው ላይን ሊስት (ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ ረድፍ ያለው ዝርዝር) በኤክሴል ነው የሚያዘው። ሦስት ነገር ያስቸግራል።

አንደኛው ቀኑ ነው። ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይመጣና ሲደረደር ይምታታል። ሁለተኛው፣ «ታማሚው የት የት ነበር?» በሚለው ዓምድ ላይ የሚሞላው «ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ታክሲ» ብቻ ነው። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። ከዚህ ተነስቶ የተጋላጭነት ቦታ (ታማሚው ሌሎችን ሊያስይዝ የሚችልበት ቦታ) ዝርዝር ማውጣት ይቻላል ወይ? ቢወጣስ ለሕዝብ ይነገራል ወይስ እኛው ጋ ይቀመጣል? ሦስተኛው ካርታ ነው። አለቆች ነጥብ ነጥብ ያለበት ካርታ ይፈልጋሉ፤ አድራሻው ግን «ከመስጊዱ ጀርባ» ይላል።

መመሪያው ላይ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምፈልገው ሥራ ላይ የሚበላሸውን ነው።

---

ሠንጠረዥ

ቀኑን መጀመሪያ አስተካክሉ፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። የካቲት 30 ቀን 2018ን «30/06/2018» ብሎ ያስገባ ሰው ጁን 30 ቀን 2018 ነው የጻፈው፤ ኤክሴልም አይከራከርም። ጥቅምት 30 ግን «30/02» ስለሚሆን ቀን መሆኑ ይቀርና ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ቅንብር ከሆነ ደግሞ ቀንና ወሩ ይገለበጣሉ። ጳጉሜ 3 ማርች 13 ሆና ትገባለች።

ከዚህ የባሰው የማይታየው ስህተት ነው። ከኅዳር 28 እስከ ታኅሣሥ 4 ያለው 6 ቀን ነው፤ ኤክሴል ከ28/03 እስከ 04/04 ቆጥሮ 7 ይላል። ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 4ም 6 ቀን ነው፤ በ2018 ላይ ኤክሴል 4 ይላል። ኩፍኝ ላይ ደግሞ ሥራው በሙሉ ቀን መደመርና መቀነስ ነው። የ2 ቀን ስህተት አንድ ክፍል ተማሪ ከክትትል ያስወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሽፍታውን ቀን በአንድ ሳጥን አታስገቡ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ ሦስት የቁጥር ዓምድ አድርጉ። አራተኛው ዓምድ በቀመር ይሞላል፦ የዓመቱ መስከረም 1 በፈረንጅ + (ወር − 1) × 30 + (ቀን − 1)። መስከረም 1 ለ2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ለ2018 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ ለ2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው። 2019 ጳጉሜዋ 6 ስለሆነች የ2020 መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይገፋል። ቀመሩን በጥምቀት ፈትሹት፤ ጥር 11 ቀን 2018 ጃንዋሪ 19 ቀን 2026ን ካልሰጠ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «8 ሰዓት» ብቻ ተብሎ አይጻፍም፤ «ከቀኑ 8» ወይም «ከሌሊቱ 8» ይባል። በኮቦ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ) የምትሰበስቡ ከሆነ ስልኩ ራሱ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጠያቂው በእጁ የሚሞላው ደግሞ በእኛ። ሁለቱን አንድ ዓምድ ውስጥ ከቀላቀላችሁ የ6 ሰዓት ልዩነት ገባ ማለት ነው።

ድግግሞሽም አለ። ልጁ ጤና ጣቢያ ይታያል፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል፣ ሁለቱም ሪፖርት ያደርጋሉ። በስም ብቻ አይያዝም፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለኤክሴል ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ክፈቱና ሐ፣ ኀ፣ ኃ፣ ሃን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ ለውጡ፤ የቀሩትን የፊደላቱን ድምፆችም እንዲሁ። ከዚያ ስም ከነአባት፣ የእናት ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክና የሽፍታ ቀን (3 ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ) አመሳክሩ። የተደገመውን አታጥፉት፤ በመጀመሪያው ረድፍ መለያ ቁጥር «የ017 ድግም» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። የሆስፒታሉ ፎካል (የቅኝት ተጠሪ) ነገ ደውሎ ይጠይቃችኋል።

---

ቅኝት_21

የቦታ ዝርዝሩ የሚበላሸው ሁለት የተለያዩ የጊዜ መስኮቶች አንድ ጥያቄ ውስጥ ስለሚጨመቁ ነው። «የት ያዘው?» እና «ለማን አስያዘ?» አንድ አይደሉም።

ሽፍታው የወጣበት ቀን ዜሮ ይሁን። በሽታው የሚተላለፈው ከ4 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 4 ቀን በኋላ ነው፤ ዜሮውን ጨምሮ 9 ቀን። የያዘው ግን ከሽፍታው 7 እስከ 21 ቀን በፊት ባለው ጊዜ ነው። ሽፍታው ጥር 14 ቢወጣ የሚያስተላልፈው ከጥር 10 እስከ 18፣ የተያዘው ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 7 ነው። ጥር 8 እና 9 የትኛውም ውስጥ የሉም፤ ስለነሱ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

እናትየዋን «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት የት ሄዳችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ያንኑ «ገበያ፣ ታክሲ» ነው። ከሽፍታው ቀን ወደ ኋላ አንድ በአንድ ውረዱ፣ በታወቀ ቀን ተንጠላጠሉ። በምሳሌው ጥር 12 ሚካኤል፣ 11 ጥምቀት፣ 10 ከተራ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ጁምዓን ያዙ። ለተማሪ የክፍል መቅሪያ መዝገብ አለ። የቴሌብር መልእክት ቀንና ሰዓት ስላለው «ሱቅ የገባነው ስንት ሰዓት ነበር?» የሚለውን እዚያው ይፈታዋል። ለያዘበት መስኮት ደግሞ ገናን (ታኅሣሥ 29) አትዝለሉ፤ ከክልል የመጣ እንግዳ፣ ወይም ልጁ ተወስዶ የሰነበተበት ቤት፣ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ነው።

ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ረድፍ ይሰጠው፣ በሌላ ሉህ፤ ከታማሚው ጋር የሚያገናኘው መለያ ቁጥሩ ብቻ ይሁን። ዓምዶቹ፦ የቦታው ስም፣ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ዝግ ወይስ ክፍት፣ የሰዎቹ ስም ዝርዝር ይገኛል ወይስ አይገኝም። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከወጣም በኋላ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ስለሚችል መውጫው ላይ 2 ሰዓት ይደመራል። ከጠዋቱ 3:00 ገብቶ 5:30 ከወጣ ተጋላጭነቱ እስከ ቀኑ 7:30 ነው።

ሁሌ የሚረሳው ቦታ ራሱ ጤና ተቋሙ ነው። ልጁ ሽፍታ ይዞ ወረፋ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ 9 ወር ያልሞላቸው፣ ገና ያልተከተቡ ሕፃናት አሉ። የካርድ ክፍሉን መዝገብ አውጡና በዚያ ሰዓት ውስጥ የተመዘገበውን ሁሉ፣ አስታማሚውንም ጨምራችሁ፣ ጻፉ። ከሁሉም ቦታ ቀላሉ ይሄ ነው፤ ስልክ ሳይቀር ተጽፎላችኋል።

ስለ ናሙና አንድ ነገር፦ ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የተወሰደ ደም አይጂኤም (ሰውነት በሽታው ሲይዘው የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል) ኔጌቲቭ ቢመጣ «ኩፍኝ አይደለም» ብላችሁ ረድፉን አትዝጉ፤ ገና ላይታይ ይችላል። ድጋሚ ናሙና ውሰዱ። ወረርሽኝ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጡትን ያለ ላቦራቶሪ፣ ከተረጋገጠ ታማሚ ጋር በነበራቸው ግንኙነት ማረጋገጥ ይቻላል፤ ግን የሁለቱ ሽፍታ በ2 ቀን ብቻ ከተለያየ አንዱ ከሌላው አልያዘም፤ ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው ነው የያዙት። እሱን ፈልጉት።

---

ከሲያትል

ለሕዝብ ይነገር ወይ ለሚለው፣ እዚህ ኪንግ ካውንቲ (ሲያትል ያለችበት አውራጃ) የሚሠራበትን ላካፍል። የኩፍኝ ታማሚ ሲገኝ የጤና ቢሮው ድረ ገጹ ላይ ዝርዝር ያወጣል፦ የቦታው ስም፣ አድራሻ፣ ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። ሰዓቱ ላይ 2ቱ ሰዓት ቀድሞ ተደምሯል። ይህን ካልገለጻችሁ አንባቢው ራሱ ሌላ 2 ሰዓት ይደምርበታል። ከሥሩ «በዚያ ሰዓት ከነበራችሁ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ልትታመሙ ትችላላችሁ» ተብሎ የ7 እና የ21 ቀኑ ስሌት ተሠርቶ ይቀመጣል። ሰው ራሱ እንዲያሰላ አይተዉትም።

ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ መስመር «ምልክት ካያችሁ ክሊኒክ ከመግባታችሁ በፊት ደውሉ» የሚለው ነው። ያለሱ ማስታወቂያው ራሱ ታማሚውን ወደ ሌላ ወረፋ ይልከዋል።

ስለ ታማሚው በዝርዝሩ ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሰፈር አትጨምሩ። ሦስት ቦታና ሦስት ሰዓት ብቻውን ጎረቤት ማንነቱን እንዲያውቅ ሊበቃ ይችላል።

---

ፎካል_ክፍለከተማ

አመሰግናለሁ፣ የቀኑ ጉዳይ ተፈታ። ግን የጥር 14ቱን ምሳሌ ልቀጥልበት። ታማሚው ጥር 10 ጃንሜዳ ነበር፣ ጥር 11 በሚኒባስ ሄዶ ዘመድ ቤት ዋለ እንበል። ጃንሜዳ ይጻፋል? ታክሲውስ? ደግሞ ሰው ከተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ ክትባት ይሰጥ የሚለውን እንዴት ነው የምናደርሰው?

---

ቅኝት_21

አታደርሱትም፤ ይህን ቀድሞ ማወቁ ይሻላል። ጥር 11 የተጋለጠ ሰው 72 ሰዓቱ ጥር 14 ላይ ያልቃል፤ ታማሚው ሽፍታ ያወጣበት ቀን ማለት ነው። ሪፖርቱ ጥር 15 ቢደርሳችሁ እንኳ አልፏል። እስከ 6 ቀን ድረስ የሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) በሚገኝበት ለጨቅላ፣ ላልተከተበች እርጉዝና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ነው። ያልተከተበ ሰው ግን ካለፈም ይከተብ፤ ከዚህኛው ባያድነው ከሚቀጥለው ዙር ያድነዋል። ስለዚህ የቦታ ዝርዝሩ ዋና ሥራ ሁለተኛውን ዙር በጊዜ መያዝ ነው፦ ጥር 11 የተጋለጡትን እስከ የካቲት 2 መከታተል፣ ትኩሳት የጀመረውን ልጅ ሽፍታ ሳይወጣ ከትምህርት ቤት ማስቀረት። 72 ሰዓቱ የሚደርሰው ታማሚው ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለነበረባቸው ቦታዎች ነው፤ እሱም በአብዛኛው ቤትና ጤና ተቋም ነው። መጀመሪያ እዚያ ሩጡ።

ጃንሜዳን አልጽፈውም። ክፍት ሜዳ ነው፣ ሕዝቡም ከመላው ከተማ የመጣ ነው፤ «ጥር 10 ጃንሜዳ የነበረ ሁሉ» ብሎ ማስታወቅ ማንንም አይለይም። የዘመዱ ቤት ግን ሙሉ ዝርዝር ያለው ቦታ ስለሆነ እየደወላችሁ ጨርሱት፤ ለሕዝብ መናገር አያስፈልግም። ታክሲውንም አልጽፍም። በአንድ መስመር ስንት ሚኒባስ እንደሚመላለስ ታውቃላችሁ፤ ታርጋው ካልታወቀ መረጃ አይደለም።

---

ከሲያትል

በታክሲው አልስማማም። ተመላላሽ ከሆነ፣ ማለትም በየቀኑ በዚያው ሰዓት ከዚያው ተራ የሚሳፈር ከሆነ፣ አብረውት የሚሰለፉት በአብዛኛው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ለሕዝብ ባይወጣ እንኳ ለተራ አስከባሪውና ለአካባቢው ጤና ኤክስቴንሽን ቢነገር ይጠቅማል። ለአንድ ቀን ጉዞ ከሆነ ግን እሺ፣ ይቅር።

---

ካርታ_37

ወደ ካርታው። ነጥብ ያለበትን ካርታ ለራሳችሁ አስቀሩት፤ ለአለቃም ለሕዝብም የሚወጣው በወረዳ የተቀባ ይሁን። የታማሚ ብዛት ሳይሆን ለሕዝብ ቁጥር የተካፈለ ይሁን፤ አለዚያ የሚታየው ሰው የበዛበት ወረዳ ብቻ ነው። ከ5 በታች የሆነ ቁጥር «ከ5 በታች» ተብሎ ይጻፍ።

አድራሻ የሚሞላው በመኖሪያ ወረዳ እንጂ በታከመበት አይደለም። ለሕክምና ከክልል መጥቶ ዘመድ ቤት ያረፈ ታማሚ ደግሞ የዘመዱን አድራሻ ነው የሚሰጠው፤ «እዚህ ከመጣ ስንት ቀኑ ነው?» የምትል አንዲት ዓምድ ጨምሩ። መልሱ ከ7 ቀን በታች ከሆነ የያዘው እዚያው ነው፤ የመጣበት ወረዳ ይነገረው።

«ከመስጊዱ ጀርባ» ለሚለው ጤና ኤክስቴንሽኗን በስልክ ጂፒኤስ ላኳት። ደጅ ወጥታ ትክክለኛነቱ ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ትጠብቅ። ኮንዶሚኒየም ላይ የሳይቱን ስም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር ለየብቻ ጻፉ፤ በጂፒኤስ ብቻ ከሄዳችሁ መሬት ቤትና አራተኛ ፎቅ አንድ ነጥብ ላይ ይደራረባሉ፤ አምስቱ ታማሚዎች አንድ ይመስላሉ።

ነጥቦቹ ከሰርዲኒያ ደሴት ደቡብ ባሕር ላይ ከወደቁ የአዲስ አበባ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ 9 እና 38፣ ተገላብጠዋል፤ ዓምዶቹን አቀያይሩ። ሁሉም ነጥብ 200 ሜትር ገደማ ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ደግሞ የወረዳው ወሰን በአዲንዳን፣ የእናንተ ጂፒኤስ በደብሊውጂኤስ 84 ነው ማለት ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ የቦታ መለኪያ ሥርዓቶች ናቸው። ኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራሙ) ውስጥ የወሰኑን ፋይል ትክክለኛ ሥርዓት ንገሩት እንጂ ነጥቦቹን በእጅ አትጎትቱ።

ከካርታው ጎን የሚቀመጠውን ግራፍ በሽፍታ ቀን ሥሩት፤ በሪፖርት ቀን ከሠራችሁት ሰኞ ሰኞ ወረርሽኝ ይነሳል። የመጨረሻዎቹን 7 ቀናት ደብዘዝ ባለ ቀለም ቀቡ፤ ሪፖርቱ ገና ስላልገባ ሁሌም የቀነሰ ይመስላል። «አበቃ» የሚባለው ከመጨረሻው ታማሚ ሽፍታ በኋላ 42 ቀን ያለ አዲስ ታማሚ ሲያልፍ ነው፤ ቆጠራውም ከሠንጠረዥ የቀመር ዓምድ ይሁን።